ማነጣጠሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥይቱን እዩት

በዓል ሰሞን ጎንደር ውስጥ ሰው ሰብሰብ በሚልበት ቦታ የኢላማ ጨዋታ አይታችሁ ይሆናል። ሰሌዳ ላይ ፊኛ ይደረደራል፣ አንድ የአየር ጠመንጃ ይቀርባል፣ ወጣቱ እየከፈለ ይተኩሳል። የሳተ ሰው የሚለው ነገር ሁሌም ያው ነው፤ «ማነጣጠሪያው ተጣሟል!»

አንዳንዴ እውነቱን ነው። ግን እስቲ አስቡት። ማነጣጠሪያው የተጣመመ ቢሆን ጥይቱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ነበር የሚሄደው፤ ወይ ሁሉም ግራ፣ ወይ ሁሉም ላይ። አንዱ ግራ፣ ቀጣዩ ላይ፣ ሦስተኛው መሀል ከገባ ግን ማነጣጠሪያውን ቀኑን ሙሉ ስታዞሩት ብትውሉ ለውጥ የለም። የጠመንጃው ብሎኖች ካልላሉ፣ የተኳሹም እጅ የረጋ ከሆነ፣ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ ነው። ደግሞ ይሄ ሰው ቶሎ የማያምነው ነገር ነው። ሁሉም እርሳስ፣ ሁሉም 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ምን ልዩነት አለው ይላል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

መጀመሪያ ጥይቱን እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ በደንብ እዩት። ጭንቅላት አለው፣ መሀሉ ቀጠን ይላል፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ቀሚስ ዘርጋ ብሎ ውስጡ ክፍት ነው። ቃታውን ስትስቡ የታመቀው አየር በዚያ ክፍት በኩል ገብቶ ቀሚሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ቀሚሱ ከአፈሙዙ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ አየሩም አያመልጥም። ጭንቅላቱ ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ በተቆረጠው ጠመዝማዛ ቦይ ላይ እየተመራ ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ነው ጥይቱን አየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው። አሁን ቀሚሱ በአንድ በኩል ጎበጥ ብሎ ቢሆንስ? ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ አየሩ በዚያ በኩል ቀድሞ ይፈተለካል፣ ጥይቱንም ከኋላው ገፋ አድርጎ ያንጋድደዋል። ጭንቅላቱ ለአፈሙዙ ጠባብ ወይም ሰፊ ከሆነም ሌላ ችግር ነው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የጭንቅላቱን ቅርጽ በተመለከተ ብዙ አልቆይም። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ወረቀት ላይ እንደ መብሻ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ያወጣል፤ በ10 ሜትር የሚወዳደሩ ሰዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 የሎስ አንጀለስ ጨዋታዎች ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ፤ የ10 ነጥቧ ክብ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ነጥብ ብቻ ናት በሉት። ጠፍጣፋው ግን ርቀቱ ከ20 እና 25 ሜትር ሲያልፍ መረጋጋት ያቅተዋል። ከዚያ በላይ የምትተኩሱ ከሆነ አናቱ ክብ የሆነውን ያዙ። ሹል የሆነው ለዓይን ያምራል፣ ሱቅ ውስጥም ሰው ቶሎ የሚያነሣው እሱን ነው፤ ግን ሹሏን ጫፍ ሁሉም ላይ እኩል ማውጣት ለፋብሪካም ከባድ ነው፣ ትንሽ ስትጋጭም ትጣመማለች። እኔ ለኢላማ አልገዛውም። ባለ መዳብ ቀለሙን የብረት ድቡልቡል ደግሞ ጠመዝማዛ ቦይ ባለው አፈሙዝ በፍጹም አታጉርሱ። ብረት እንደ እርሳስ አይለሰልስም፤ ቦዩን ይፍቀዋል፣ የተፋቀ ቦይ ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም።

የጠመንጃው ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፍጥነት ቁጥርም ያታልላል። በሰከንድ 300 ሜትር ምናምን የሚለው ብዙ ጊዜ እርሳስ ባልሆነ በጣም ቀላል ጥይት የተለካ ነው። ጥይት ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 340 ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ አየሩ ያናውጠዋል። የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ጠመንጃ ግን በሰከንድ ወደ 170 ሜትር ገደማ ነው የሚተኩሰው፤ የዓለም ምርጦች የሚተኩሱት በዚህ ነው። ፍጥነት ለኢላማ ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንዱ ጥይት እንደሌላው መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ የጎንደርን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ካላችሁ፣ እኛ ጋ ያለው አብዛኛው አፈሙዙ ታጥፎ የሚጎርሰው ዓይነት ነው፣ ፒስተኑ የሚያምቀው አየር መጠኑ ስለሚያንስ ኃይሉም ቀነስ ይላል። በሌላ በኩል የሳሳ አየር ጥይቱን ብዙ አይጎትተውም፣ በረጅም ርቀት ላይ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም። እና አንድ ጀርመን አገር ያለ ሰው በቪዲዮ «ለዚህ ጠመንጃ ምርጡ ጥይት ይሄ ነው» ሲላችሁ፣ ምርጡ ለእሱ ጠመንጃ፣ ለእሱ አየር ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ የሚወዱት ጥይት ሊለያይ ይችላል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በመሞከር ብቻ። ሌላ አቋራጭ የለም።

ጥሩ አምራቾች ቆርቆሮው ላይ የጭንቅላቱን ስፋት ይጽፉታል፤ 4.49፣ 4.50፣ 4.51፣ 4.52 እያለ ይሄዳል። ጄኤስቢ የቼክ ነው፣ ኤች ኤንድ ኤን እና አርደብሊውኤስ የጀርመን ናቸው፤ ወንድም እኅቶቻችሁ ከውጭ ሲመጡ «የአየር ጠመንጃ ጥይት አምጪልኝ» ብቻ አትበሉ፣ ስሙን፣ ቅርጹን፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩ። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ምን ያመጣል የሚል ሰው ስታጎርሱ ጣቱ ይንገረው። አንዱ ጥይት ወደ አፈሙዙ ዘው ብሎ ይገባል፣ ሌላው በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ትንሽ ታገል ብሎ፣ ለስለስ ባለ ግፊት ቦታው ላይ ይቀመጣል። የምትፈልጉት ይሄኛውን ነው። ዘው የሚለው ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ማለት ነው፣ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በግድ የሚገባው ደግሞ ገና ሲገባ ቀሚሱ ይጎዳል።

ለሙከራ ጠዋት ምርጥ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነፋሱ ገና አይነሣም፣ ብርሃኑም ዓይን አይወጋም። 10 ሜትር ለኩ። ጠንከር ያለ ካርቶን ላይ ትናንሽ ክቦች ሥሩ፤ የደብተር ወረቀት ይቀደዳል፣ ቀዳዳው ጠርዙ አይታወቅም። ከኢላማው ጀርባ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ወይም በአሮጌ ልብስ ጥቅጥቅ ተደርጎ የታጨቀ ሣጥን ይቀመጥ፤ ድንጋይና ግንብ መልሶ ይተፋል። ጥይት ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች አትቁጠሯቸው፣ አፈሙዙ ውስጥ የቀረው የበፊቱ ጥይት ቅሪት እስኪጠራ ነው። ከዚያ አምስት አምስት ጥይት በተለያየ ክብ ላይ ተኩሱ። አንድ ምድብ፣ ማለትም አንዱን አምስት ጥይት፣ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ ዕድልም አለበት። እርስ በርስ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጫዊ ጠርዝ እስከ ውጫዊ ጠርዝ ለኩና 4.5 ሚሊ ሜትር ቀንሱለት፤ የሚቀረው ከመሀል እስከ መሀል ያለው ርቀት ነው። የምታወዳድሩት እሱን ነው። ምድቡ ኢላማው ላይ የት አረፈ የሚለውን ለጊዜው እርሱት፤ ወደ መሀል መጎተት የማነጣጠሪያ ሥራ ነው፣ በኋላ ይደርሳል። አሁን የሚታየው መሰብሰቡ ነው።

ሞላ ጠመንጃ ላይ አያያዛችሁ ውጤቱን ሊያበላሸው ስለሚችል ይህን ሳልል አላልፍም። ሞላው ሲለቀቅ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ይዘላል፤ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ነው። ጨብጣችሁ ከያዛችሁት፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ካስደገፋችሁት፣ ዝላዩ በየጊዜው ይለያያል። መዳፋችሁን ክፍት አድርጋችሁ ከሥሩ አስቀምጡት፣ ሰደፉንም ትከሻ ላይ አትጫኑት፣ እንደፈለገ ይዝለል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲዘል መፍቀድ ነው። አያያዙ ሳይስተካከል ጥይት ማወዳደር ልፋት ብቻ ነው።

እሺ፣ ጠመንጃችሁ የሚወደውን ጥይት አገኛችሁ እንበል። ማሰናዳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ይጀምራል፤ አንድ የማይሆን ቆርቆሮ ይዞ ሲያጥብ፣ ሲመዝን፣ ሲቀባ ይውላል። ለአፈሙዙ የማይስማማ ጥይት ታጥቦ ተመዝኖም የማይስማማ ነው።

ከማሰናዳቱ ሥራ ውስጥ ለልፋቱ የሚከፍለው ዓይን ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ጥይት ብዙ መንገድ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቆርቆሮው ሻንጣ ውስጥ ሆኖ በየመንገዱ ሲንገጫገጭ እርሳሱ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይመጣል። ክዳኑን ስትከፍቱ ከላይ ስፖንጅ ከሌለ ቀሚሳቸው የጎበጠ እንደማይጠፋ እወቁ። ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱና አንድ በአንድ ከኋላው በኩል እዩት፤ ክቡ ሙሉ ነው ወይስ እንደ እንቁላል ሞላላ? ሞላላውን ለብቻ አድርጉ። አትጣሉት፣ አያያዝ ለመለማመድ ይሆናል። ለሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ ንገሩት፤ ቆርቆሮው ውስጥ ክፍተቱን በጥጥ ወይም በስፖንጅ ሞልቶ፣ ክዳኑን በፕላስተር አጥብቆ ያምጣ።

ዓይን ያመለጠውን መስታወት ይይዘዋል። ይሄን እስካሁን ካልሞከራችሁ ዛሬ ሞክሩት። አንድ ጠፍጣፋ መስታወት፣ የተሰበረ የመስኮት ቁራጭም ይሆናል፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። በአንድ በኩል ቀጭን ደብተር አስገቡለትና ዘንበል ይበል። ጥይቱን ከላይ በጎኑ አስተኝታችሁ ልቀቁት። ቀሚሱ ከጭንቅላቱ ሰፋ ስለሚል ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ቅስት እየሠራ፣ ወደ ጭንቅላቱ በኩል እየዞረ ይወርዳል። ደህናው ጥይት ለስላሳ፣ አንድ ወጥ ቅስት ይሠራል፣ የሚያርፍበትም ቦታ ከቀዳሚው ብዙ አይርቅም። ቀሚሱ የጎበጠው ግን ወዲያው ያስታውቃል፤ ሲንከባለል ትክ ትክ ይላል፣ መሀል ላይ ጭራሽ ይቆማል። ቅስቱ ጠበብ ወይም ሰፋ ካለ ደግሞ የጭንቅላቱና የቀሚሱ ስፋት ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም ማለት ነው። መስታወቱ ግርጌ ላይ የት እንዳረፈ እያያችሁ በየምድቡ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ክተቱት። ማይክሮሜትር አያስፈልግም፣ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ቡና እየተፈላ ይሠራል።

መመዘንን በተመለከተ ሐሳቤ ከብዙ ሰው ይለያል። ፒያሳ አንድ የማውቃቸው ወርቅ ቤት አሉ፣ አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ሰዓት ጠብቄ ጥይቶቼን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ይመዝኑልኛል?»

«ምንድን ነው ልጄ፣ ብር ነው?»

«እርሳስ ነው።»

«እርሳስ በወርቅ ሚዛን!» ብለው ሳቁ፣ ግን አንድ በአንድ መዘኑልኝ። 0.53፣ 0.53፣ 0.54፣ 0.53፣ 0.52 እያለ ሄደ። የሚዛኑ የመጨረሻ አሃዝ የግራም መቶኛ ነው። ግማሽ ግራም ለሚመዝን ነገር ይሄ ሻካራ መለኪያ ነው፣ አንዷ አሃዝ ብቻ ከጥይቱ ክብደት ወደ 2 በመቶ ትጠጋለች። በደንብ ለመለየት እስከ ሺህኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ይፈልጋል። ግን ያስፈልጋል ወይ? እናስላው። በሰከንድ 170 ሜትር የሚሄድ ጥይት 10 ሜትር ላይ እስኪደርስ በስበት ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጥይቱ 2 በመቶ ከከበደ ፍጥነቱ ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል፣ አወራረዱ በ2 በመቶ ይጨምራል። ያ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ነጥብ ለሚፈልግ ኦሊምፒያን ብዙ ነው፤ ለእኔ ሞላ ጠመንጃ አይታይም። 40 ሜትር ላይ ግን ያው ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በ10 ሜትር የምትጫወቱ ከሆነ ሚዛኑን ተዉት፣ መስታወቱ ይበቃል። ራቅ አድርጋችሁ የምትተኩሱ ከሆነ ብቻ መዝኑ።

ማጠብስ? ቆርቆሮው ግርጌ ላይ ጥቁር ዱቄት ወይም የእርሳስ ብናኝ ካያችሁ እጠቡ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ፤ ማሸት የለም፣ ይጎብጣል። በማጥለያ አጥልላችሁ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ፀሐይ ላይ እስከ ውስጡ ይድረቅ። ማጥለያው ከዚያ በኋላ ለሻይ አይመለስም፣ የጥይት ይሁን። ርጥበት የቀረበት እርሳስ ነጭ ነጭ ያወጣል፤ ያንን ያወጣ ጥይት አፈሙዝ ውስጥ አታስገቡ።

ዘይት ስለመቀባት ብዙ ይወራል። በሞላ ጠመንጃ የማዕድን ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይትም ሆነ የሞተር ዘይት፣ አልመክርም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው ሙቀቱ በጣም ስለሚጨምር ዘይቱ ልክ ናፍጣ ሞተር ውስጥ እንደሚሆነው ይቀጣጠላል። ጭስ ይወጣል፣ ጠመንጃው ከወትሮው በላይ ይጮኻል፣ አንዱ ጥይት በጣም ፈጥኖ ቀጣዩ ዘግይቶ ይሄዳል፣ ከዚያም አልፎ የፒስተኑ ጎሚኒ ይቃጠላል። እኔ ደረቁን ነው የምተኩሰው።

ስታጎርሱ ደግሞ ሁሌም እኩል ጥልቀት ላይ አስቀምጡት። ቀሚሱ ከአፈሙዙ ማጉረሻ አፍ ጋር እኩል ይሁን፣ ጥፍራችሁን ሲያስኬዱት የማይነካ። አንዱን ወጣ፣ አንዱን ገባ ካደረጋችሁ መስታወት ላይ የለፋችሁበት ከንቱ ይቀራል። አፈሙዙን ማጽዳት የምድቡ መሰብሰብ ሲበላሽ ነው፤ ናይለን ክር ላይ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ አስራችሁ ከማጉረሻው ወደ ፊት ጎትቱ። የብረት ዘንግ አታስገቡ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። እየተኮሱ ጥይቱን በከንፈራቸው የሚይዙ ሰዎች አሉ፣ እጅ ነፃ እንዲሆን። እርሳስ መርዝ ነው፣ ለልጆች ደግሞ አእምሮን የሚጎዳ መርዝ ነው፣ አነስተኛ መጠኑም ቢሆን። እኛ በእጅ ነው የምንበላው። ከተኩስ ተነሥቶ ወደ እንጀራ የሚሄድ እጅ በሳሙና ተሽቶ ይታጠብ፣ ጥይቱም ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የመከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ይሄ መጫወቻ የሚመስል ነገር ዓይን ያጠፋል። የሕጉን ነገር ከሚመለከተው አካል ጠይቁ። ደግሞ በዚህ ጊዜ ከሩቅ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በአደባባይ ይዞ መሄድ ሰውንም ራስንም ማስጨነቅ ስለሆነ ሸፍናችሁ ውሰዱት፣ ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ድምፁን ሰምቶ እንዳይደነግጥ።

አሁን የቀረው ችግር ዋጋው ነው። አምስት ዓይነት ቆርቆሮ ገዝቶ የትኛው እንደሚስማማ መሞከር ለአንድ ሰው ከባድ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ግን ብዙ ጊዜ 500 ጥይት ይይዛል፣ ለሙከራ የሚያስፈልገው ከሠላሳ አይበልጥም። ጎንደር፣ አዘዞም ሆነ ማራኪ ያላችሁ፣ ከየቆርቆሯችሁ ሠላሳ ሠላሳ እንለዋወጥ። እኔ ጋ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ 4.50 እና ክብ የሆነ 4.52 አለ። 4.51 ያለው ሰው በጣም እፈልጋለሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።